ጨዋታው ሳያልቅ እጅ የሰጠው ሻምፒዮን

እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1997 ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ረጅም ሕንፃ 35ኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሰው ከቼዝ ሰሌዳ ፊት ተነሥቶ ወጣ። ሰውየው ጋሪ ካስፓሮቭ ነው። ከ1985 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ የኖረና በዚያን ዘመን አቻ ያልነበረው ተጫዋች ነው። የገጠመው ግን ሰው አልነበረም፤ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ የሠራው ዲፕ ብሉ የሚባል ኮምፒውተር ነበር። ማሽኑ 45ኛውን እርምጃ እንደ ሄደ ካስፓሮቭ እጅ ሰጠ። በዚያው ሕንፃ በታችኛው አዳራሽ ተሰብስቦ ጨዋታውን በስክሪን ይከታተል የነበረው ሕዝብም፣ የሰው ልጅ ምርጥ ተጫዋች በማሽን ተረታ ብሎ ወደየቤቱ ተበተነ።

በማግሥቱ የተሰማው ዜና ግን ከሽንፈቱ የባሰ ነበር። ካስፓሮቭ እጅ ሲሰጥ ጨዋታው ገና አላለቀም ነበር። ተንታኞች ሰሌዳውን መልሰው ሲመረምሩት ጥቁሩ አቻ ሊወጣ የሚችልበት መንገድ ተገኘ። በዓለም አንደኛ የተባለው ሰው ያልተሸነፈውን ጨዋታ አስረክቦ ሄዶ ነበር።

ይህን የቆየ ታሪክ ዛሬ ማንሣት ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚነሣበት ምክንያት አለ። በዛሬው ጊዜ ትልቅ የቼዝ ግጥሚያ መከታተል የእግር ኳስ ጨዋታ ከመመልከት አይከብድም። ሰው ከሥራ ሲመለስ በባቡር ውስጥ፣ በእረፍት ቀኑም ቡና እየጠጣ፣ ሁለት የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ምን እያደረጉ እንደሆነ በእጅ ስልኩ ያያል። ከሰሌዳው ጎን ደግሞ ነጭና ጥቁር ቀለም ያላት ቀጭን ዘንግ አለች። ኮምፒውተሩ ነጩ ይበልጣል ካለ ነጩ ቀለም ከፍ ይላል፤ ጥቁሩ ይበልጣል ካለ ዝቅ ይላል። ተመልካቹ ማን እየመራ እንደሆነ ለማወቅ አንዲት እርምጃ እንኳን ማሰብ አያስፈልገውም። ዘንጓ ተመልካቹን ከድካም ገላገለችው። ገላገለችው ማለት ግን ጠቀመችው ማለት አይደለም።

ያ ሁለተኛው ጨዋታ

ትልቅ ግጥሚያን ከሥር ከሥሩ እየተከታተሉ መተንተን የቆየ ልማድ ነው። በ1972 ቦቢ ፊሸርና ቦሪስ ስፓስኪ አይስላንድ ውስጥ ሬይክያቪክ ላይ ሲገጥሙ፣ ሼልቢ ላይማን የተባለ የቼዝ አስተማሪ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርቦ በግድግዳ ሰሌዳ ላይ ጠጠሮቹን እያዛወረ ለሰዓታት ያብራራ ነበር። በአንዱ እርምጃና በሚቀጥለው መካከል ሃያ ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። ተመልካቹም በዚያ ሃያ ደቂቃ ሌላ የሚያየው ነገር ስላልነበረ ያስብ ነበር።

በ1997ም እንዲሁ ነበር። በኒው ዮርኩ አዳራሽ ለሕዝቡ ይተነትኑ ከነበሩት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። አንደኛው ደማስቆ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ግራንድ ማስተር ያሲር ሴይራዋን ነው። ሌላው ጃማይካ ተወልዶ በ12 ዓመቱ ብሩክሊን የገባው ሞሪስ አሽሊ ነው፤ አሽሊ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ በዓለም የመጀመሪያው ጥቁር ግራንድ ማስተር ሆኗል። ሦስተኛው ማይክ ቫልቮ ይባላል።

በዚያ ጨዋታ ነጩን የያዘው ማሽኑ ነበር። አከፋፈቱ ሩይ ሎፔዝ የሚባለው የጥንት የስፔን አከፋፈት ነው። ካስፓሮቭ ሰሌዳው እንዲዘጋ ፈቀደ። ስሌቱም ይህ ነበር፤ ማሽኑ በሰከንድ እስከ 200 ሚሊዮን የሚደርስ አቀማመጥ ስለሚመረምር በተከፈተ ሜዳ አይቻልም። በተዘጋ ሜዳ ግን የረጅም ጊዜ ዕቅድ ስለማያውቅ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ያገኘውን ወታደር ለመብላት ሲስገበገብም ይሳሳታል። የዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች ጠባይ ይህ ነበር።

በ36ኛው እርምጃ ላይ የሚጠበቀው ሰዓት ደረሰ። የነጩ ንግሥት ወደ ጥቁሩ ግዛት ዘልቃ ወታደር የምትለቅምበት መንገድ ተከፍቶ ነበር። ብትገባ ወታደር ታተርፋለች፤ ነገር ግን ጥቁሩ በበኩሉ መልሶ የማጥቃት ዕድል ያገኛል። ካስፓሮቭ ያጠመደውም ይህንን ነበር። ማሽኑ ግን ንግሥቲቱን አላንቀሳቀሰም። መጀመሪያ ወታደር በወታደር ለወጠ። በ37ኛው እርምጃ ደግሞ ጳጳሱን ኢ4 በምትባለው የመሐል ቤት ላይ አቁሞ የጥቁሩን መተንፈሻ ደፈነ። በእጅ ያለውን ጥቅም ትቶ የባላጋራን ዕድል አስቀድሞ መዝጋት ከትልልቅ ሰዎች እንጂ ከማሽን የማይጠበቅ ትዕግሥት ነበር። ካስፓሮቭ በጣም ደነገጠ። በኋላም ማራዶና በ1986 የዓለም ዋንጫ በእጁ ያገባትን ጎል ምሳሌ አድርጎ እስከ መጥቀስ ደረሰ። ከማሽኑ ጀርባ የሰው እጅ አለ ማለቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነጩ ንግሥትና ግንብ በተከፈተው ዳር ገብተው ጥቁሩን አስጨነቁት። ጥቁሩ ከመጭነቅ በቀር የሚያደርገው ያለ አይመስልም ነበር። ይሁን እንጂ በ44ኛው እርምጃ ማሽኑ ከቼክ ሲሸሽ ንጉሡን ወደማይሆን ቤት ወሰደ። በ45ኛው ግንቡን አንቀሳቀሰ። ካስፓሮቭ ያን ጊዜ የራሱን ንግሥት ኢ3 ላይ ቢያስገባ፣ ነጩ ጳጳሱን ቢበላበትም እንኳን፣ ጥቁሩ ግንቡን ዝም ብሎ ወደ ኢ8 አምጥቶ የነጩን ንጉሥ ያለማቋረጥ ቼክ እያለ ማሯሯጥ ይችል ነበር። ንጉሡ ከቼክ መላቀቅ ካልቻለ፣ ማትም ካልሆነ፣ ጨዋታው በአቻ ይፈጸማል። ይህን ያገኙት በየቤታቸው ሌሊቱን ሰሌዳውንና የግል ኮምፒውተራቸውን ያልለቀቁ የቼዝ ወዳጆች ናቸው።

ማን ማንን አመነ?

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ካስፓሮቭ ያቺን መንገድ ያላያት ዓይኑ ስለ ፈዘዘ አይደለም። ከዚያች የከበደ ነገር በሺህ ጊዜ አይቷል። ያላያት ስላልፈለጋት ነው። ጳጳሱን እንደዚያ ባለ ትዕግሥት ያቆመ ማሽን ቀላል ቼክ አያመልጠውም ብሎ ደመደመ። ካስፓሮቭ ማሽኑን አመነ። አዳራሹ ደግሞ ካስፓሮቭን አመነ፤ እርሱ እጅ ከሰጠማ በእርግጥ አልቆለታል ማለት ነው ተባለ። ማሽኑም ቢሆን አላየም ነበር፤ አቻው ከሚያሰላው ርቀት በላይ ስለ ነበረ ንጉሡን ወደዚያ የወሰደው ሳያውቅ ነው። እንግዲህ ሁሉም ማሰቡን ለሌላው ትቶ፣ በመጨረሻ አንድም ያሰበ አልተገኘም።

የዚህ እምነት መነሻ ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ከአንድ ቀን በፊት በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ካስፓሮቭ ባሸነፈበት፣ ማሽኑ በ44ኛው እርምጃ ግንቡን ትርጉም ወደሌለው ቤት አንቀሳቅሶ ነበር። የካስፓሮቭ ወገኖች ነገሩን ሲመረምሩ፣ ማሽኑ ሌላው መንገድ ወደ ማት እንደሚያደርስ ከሩቅ አይቶ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ከማሽኑ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ሙሬይ ካምቤል ከዓመታት በኋላ እንደ ገለጸው ግን እርምጃው የፕሮግራም ስሕተት ውጤት ነበር። ስሕተቱ እንደ ጥበብ ተቆጠረ፤ ያ የተጋነነ ግምትም በማግሥቱ አንድ ሙሉ ነጥብ አስከፈለ።

ቀጣዮቹ ሦስት ጨዋታዎች በአቻ አለፉ። ሜይ 11 ቀን በተደረገው ስድስተኛ ጨዋታ ካስፓሮቭ በ19 እርምጃ ብቻ ወደቀ፤ ማሽኑም ግጥሚያውን 3.5 ለ2.5 አሸነፈ። ካስፓሮቭ ከአንድ ዓመት በፊት ፊላዴልፊያ ላይ የዚያኑ ማሽን ታላቅ ወንድም 4 ለ2 ረትቶት ነበር። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ኃይሉን የጨመረው ማሽኑ ቢሆንም፣ ልቡን ያጣው ግን ሰውየው ነው። ዲፕ ብሉ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልገጠመም። ከሁለቱ ቁም ሣጥን መሰል አካላቱ አንዱ ዛሬ ዋሽንግተን ባለው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ንብረት ሆኗል።

የራሱ ጨዋታ

ከዳር ሆኖ ጨዋታ መተንተን ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ሰንጠረዥ በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ግቢ የታወቀ ጨዋታ ነበር። ሁለቱ ተጋጣሚዎች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ሠራዊታቸውን እንዳሻቸው የሚያሰልፉበት ‹ወረራ› የሚባል ጅማሬ ነበረው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በትግራዩ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ያየውን ሲተርክ፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ እየጮኸ ሐሳብ ይሰጥ እንደ ነበር፣ የተሻለ እርምጃ የታየው ሰውም ጠጠሩን ራሱ እስከ ማንቀሳቀስ ይደርስ እንደ ነበር ጽፏል። በመጨረሻ ግን አሸናፊው ምንጊዜም ራሱ እንዲሆኑ ያደርጉ ነበር ይላል።

የመጀመሪያው ልማድ የሚያስመሰግን ነው። አሽከርና ባላባት በአንድ ሰሌዳ ላይ እኩል የሚከራከሩበት ቦታ በዚያን ዘመን ብዙ አልነበረም። የኋለኛው ግን ክርክሩን ከንቱ ያደርገዋል። ውጤቱ አስቀድሞ ከታወቀ መጮሁ ምን ይፈይዳል? ዛሬ በራሱ ወንበር ላይ የተቀመጠው ማሽኑ ነው። ሰው በቡድን ተሰብስቦ ጨዋታ ሲያይ አንዱ ‹ፈረሱ ቢሄድ ጥሩ ነው› ይላል፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ‹ኮምፒውተሩ አይሆንም ይላል› ይለዋል። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ለምን አይሆንም ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሲንጋፖር ላይ የታየው

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ነገር ደግሞ ዲሴምበር 12 ቀን 2024 ሲንጋፖር ላይ ታየ። የቻይናው ሻምፒዮን ዲንግ ሊረንና የ18 ዓመቱ ሕንዳዊ ጉኬሽ ዶማራጁ 13 ጨዋታ ተጫውተው 6.5 ለ6.5 ላይ ነበሩ። በ14ኛው፣ በመጨረሻው ጨዋታ፣ በሰሌዳው ላይ የቀሩት ለእያንዳንዳቸው አንድ ግንብና አንድ ጳጳስ፣ ለነጩ አንድ ወታደር፣ ለጥቁሩ ሁለት ወታደር ነበሩ። ጉኬሽ በአንድ ወታደር ይበልጣል፤ ዲንግ ግን በትዕግሥት ከተከላከለ ጨዋታው አቻ ነው። ዘንጓም መሐል ላይ ቆማ አቻ ትል ነበር።

በ55ኛው እርምጃ ዲንግ ግንቡን ወደ ኤፍ2 አምጥቶ የግንብ ልውውጥ ጋበዘ። ዘንጓ ወዲያው ወደቀች። በዓለም ዙሪያ ይከታተል የነበረው ሕዝብም ጉኬሽ ራሱ ሳያየው ስሕተቱን ‹አየው›። ጉኬሽ ከጨዋታው በኋላ እንደ ተናገረው መጀመሪያ አላስተዋለውም ነበር፤ ሌላ እርምጃ ሊሄድ ሲል ነው ነገሩ የበራለት። ግንብ በግንብ ተለዋወጡ። ቀጥሎም ጥቁሩ ጳጳሱን ዲ5 ላይ አቆመ። የዲንግ ጳጳስ በሰሌዳው ጥግ ተቀርቅሮ ስለ ነበር የሚሸሽበት አልነበረውም፤ ጳጳስም በጳጳስ ተለወጠ። ሁለቱ ንጉሦችና ወታደሮቻቸው ብቻ ሲቀሩ የጉኬሽ አንድ ትርፍ ወታደር ወሳኝ ሆነ። ዲንግ በ58ኛው እርምጃ እጅ ሰጠ። ጉኬሽም 7.5 ለ6.5 አሸንፎ፣ ካስፓሮቭ በ22 ዓመቱ ያስመዘገበውን ክብረ ወሰን አሻሽሎ፣ ከሁሉ ያነሰ ዕድሜ ያለው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ወጣቱ በወንበሩ ላይ ሆኖ አለቀሰ።

በዚያ ምሽት ብዙ ሰው ዲንግን ተሳለቀበት። እንዲህ ያለውን ስሕተት ሕፃን አይሠራውም ያለ ስንቱ ነው! እንዲህ ካሉት መካከል ግን ግንቡ፣ ከዚያ ጳጳሱ፣ ከዚያ ንጉሡ እያለ ሦስቱን ደረጃ በራሱ ያሰላ ስንት ይሆን? አብዛኛው ያየው ሰሌዳውን ሳይሆን ዘንጓን ነው። ፈራጅ የሆነው በሰው ዓይን ነው።

ዘንጓ የማትናገረው ነገርም ነበር። እስከ 55ኛው እርምጃ ድረስ አቻ ነው ትል ነበር፤ እውነትም አቻ ነው። ነገር ግን አንደኛው ተጫዋች ለማሸነፍ እየገፋ፣ ሌላው ጠጠሮቹን ለዋውጦ ከጭንቀት ለመገላገል እየቸኮለ መሆኑን አትናገርም። ለሰዓታት የተጨነቀ ሰው አንዲት የልውውጥ ዕድል ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው አታውቅም። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ሰዓቱን፣ ፊቱንና ሰሌዳውን አብሮ ያየ ተመልካች ነው። በ1997 ሁሉም አልቆለታል ሲል አላለቀም ነበር፤ በ2024 ሁሉም ያለ ችግር ያልፋል ሲል አላለፈም።

እንዴት ይታይ?

ማሽን ይጣል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ዛሬ በአንድ ተራ የእጅ ስልክ ላይ ያለው ፕሮግራም ከማንኛውም ሻምፒዮን ይበረታል፤ እንዲህ ያለ አስተማሪ በነጻ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው። የጉኬሽ የልጅነት አሠልጣኝ የነበረው ቪሽኑ ፕራሳና፣ ልጁ ወደ ግራንድ ማስተር ደረጃ እስኪጠጋ ድረስ የኮምፒውተር ትንተና እንዳይጠቀም አድርጎት እንደ ነበር ይታወቃል። መጀመሪያ በራሱ አእምሮ እንዲያሰላ፣ እንዲሳሳት፣ ስሕተቱንም ራሱ እንዲያገኝ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ትልቅ ጨዋታ የሚከታተል ሰው፣ በተለይም ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ የሚያይ ወላጅ፣ ጥቂት ነገር ቢለምድ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ዘንጓን ይዝጋት፤ መዝጊያው በአብዛኛው ቦታ አለ። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ ያኑር፤ እጅ ጠጠር ሲነካ አእምሮ ይሠራል። ሦስተኛ፣ ተጫዋቹ ከመሄዱ በፊት የራሱን እርምጃ በወረቀት ይጻፍ፤ ልጁም ይጻፍ። የጻፉት ሲሳሳት ያበሳጫል፤ ትምህርቱ ያለው ግን እዚያ ብስጭት ውስጥ ነው። አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ‹ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?› ብሎ ይጠይቅ፤ ቼክ፣ መብላት፣ ማስፈራራት፣ በዚህ ተራ ይፈትሽ። አምስተኛ፣ ከሁሉም በላይ፣ አንዱ እጅ ሲሰጥ ‹በእርግጥ አልቋል?› ይበል። ኮምፒውተሩ የሚከፈተው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚናገረው ለተዘጋጀ ጆሮ ይሆናል።

ይህ ለቼዝ ብቻ የሚባል ነገር አይደለም። በስደት የሚኖር ሰው አልቆልሃል የሚሉትን ቃላት ጠንቅቆ ያውቃቸዋል። ከአንድ መሥሪያ ቤት የእምቢታ ደብዳቤ ሲደርሰው የመጀመሪያውን መሥመር አንብቦ ወረቀቱን የሚያጥፍ ስንት አለ? ጎረቤት ‹የእገሌም እንዲሁ ሆኖ ቀርቷል› ሲለው ያምናል። ጎረቤትዬው ደግሞ የሰማው ከሌላ ነው። በዚያው ደብዳቤ በሁለተኛው ገጽ ግን ይግባኝ የሚባልበት መንገድና ቀን ተጽፎ ይገኝ ይሆናል። ቀኑ ካለፈ በኋላ አዋቂ ሰው ሲያነበው ‹ለምን ያን ጊዜ አላመጣኸውም?› ይላል። ያ ሰው የተሸነፈው በደብዳቤው አይደለም፤ አለማንበቡ ነው የረታው። በአንጻሩ ደግሞ ሁሉም ‹ችግር የለም፣ ያልፋል› ሲለው ቀኑን ያሳለፈም አለ፤ እርሱም እንደ ዲንግ ደኅና ነህ በተባለበት ሰዓት የወደቀ ነው።

ካስፓሮቭ ያን ቀን ከወንበሩ ሳይነሣ አሥር ደቂቃ ቢጨምር፣ የግጥሚያው መንገድ ሌላ በሆነ ነበር ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ማሽኑ ያን ዓመት ባያሸንፍ በሌላ ዓመት ማሸነፉ አይቀርም ነበርና በዚህ ላይ መከራከር ዛሬ ትርፍ የለውም። ትርፍ ያለው ያቺን አሥር ደቂቃ መልመዱ ነው። የሚቀጥለው የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር ምግብ ቤቶች ከቴሌቪዥኑ ሥር አንድ ሰሌዳ ቢያኖሩ ወጪው ትንሽ ነው። ዘንጓ ትዘጋ፤ ሽማግሌውም ልጁም ሐሳቡን ይናገር፤ እንደ ጥንቱ ይጩኹበት። ሁሉም ሐሳቡን ከተናገረ በኋላ ኮምፒውተሩ ይጠየቅ።